አምፕሊፋየሩ ሲሞቅ ለምን ይጠፋል? ሁለት ሰብውፈር በአንድ አምፕሊፋየር (አዳማ)

ይህ የመኪና ሙዚቃ መድረክ ክር፣ ማለትም በአንድ ጥያቄ ሥር የተጻፈ ተከታታይ ውይይት፣ ረጅም ነው፤ መሀል ላይም ከመንገድ ይወጣል። ለኋላ መጪ እንዲመች መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው በራሴ ቃል አስቀምጫለሁ። የማልስማማበት ቦታ ላይ ዝም አላልኩም።

መነሻ ጥያቄ

ጠያቂው የአዳማ ልጅ ነው፤ የሚነዳው ቪትዝ ነው። ያገለገለ ባለ አንድ ቻናል አምፕሊፋየር (ከቴፑ የሚመጣውን ምልክት አጉልቶ ለስፒከር የሚሰጥ ዕቃ) ገዝቷል፤ ክላስ ዲ ከሚባለው ዓይነት። መመሪያው በ4 ኦም 300 ዋት፣ በ2 ኦም 500 ዋት እንደሚሰጥ ይገልጻል (ኦም ስፒከሩ ከረንትን የሚቋቋምበት መጠን ነው፤ ሲያንስ ብዙ ከረንት ይጠይቃል)፤ ከ2 ኦም በታች እንዳይሠራበትም ያስጠነቅቃል። ሁለት ባለ 12 ኢንች ሰብውፈሮች (የባስ ስፒከሮች) አሉት፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ኮይል (ስፒከሩን የሚያንቀሳቅስ የሽቦ ጥቅል) አላቸው፣ እያንዳንዱ ኮይል 4 ኦም ነው። የገጠመለት ሰው አራቱንም ኮይሎች ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ አገናኝቶ አስረከበው። ከተማ ውስጥ ዝቅ አድርጎ ሲሰማ ችግር የለም። ወደ ሶደሬ ሲወርድ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ግን ቀይ መብራት ይበራና ባሱ ጸጥ ይላል፤ ቆይቶ ይመለሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። የአምፕሊፋየሩ አካል እጅ አያስነካም። በጥር የእህቱ ሰርግ ስላለ መኪናዋ አጀብ ውስጥ ትገባለች። አምፕሊፋየሩ ተበላሽቶ እንደሆነ፣ ወይም ትልቅ መግዛት ይኖርበት እንደሆነ እንዲነግሩት ይለምናል።

ቁጥሮቹን አሟልቶ በማቅረቡ ሊመሰገን ይገባል። ሌላው ሰው ባሱ አልመታ አለ ብሎ ይጽፍና መልስ ይጠብቃል።

1. የመጀመሪያው መልስ ጥያቄው ከመነበቡ በፊት የተዘጋጀ ይመስላል። አምፕሊፋየሩ ትንሽ ስለሆነ ሸጦ 2000 ዋት የተጻፈበትን እንዲገዛ ይመክራል። ስለ ኦም አንድ ቃል የለውም። ጸሐፊውም ተመልሶ አልታየም።

2. ሁለተኛው ትሑት ነው። ሞተሩ እየሠራ በአምፕሊፋየሩ መግቢያ ላይ ስንት ቮልት እንደሚነበብ ጠየቀ። ጠያቂው ወዲያው ለካ፦ ባሱ ሳይመታ 14.1፣ ሲመታ 12.4። ሁለተኛው ሰው ቁጥሩን ያዙልኝ ብሎ አለፈ፤ በኋላ 16ኛው መልስ ላይ ይመጣል።

3. ሒሳቡን በቅጡ የሠራው ሦስተኛው ነው። አራት ባለ 4 ኦም ኮይሎች እንዲህ፣ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ በትይዩ ሲገናኙ አምፕሊፋየሩ የሚያየው 1 ኦም ብቻ መሆኑን አስረዳ። ይህ አምፕሊፋየር በ2 ኦም 500 ዋት የሚሰጠው 31.6 ቮልት አውጥቶ 15.8 አምፔር ሲያሳልፍ ነው። ያው 31.6 ቮልት 1 ኦም ላይ ሲያርፍ 31.6 አምፔር ይጠየቃል፤ ይህም 1000 ዋት ነው፣ አልተሠራለትም። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ትራንዚስተሮቹ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቀዩ መብራት የብልሽት ምልክት ሳይሆን አምፕሊፋየሩ ራሱን ማዳኑ ነው። ይህን መከላከያ የሌለው ርካሽ ዕቃ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ተቃጥሎ ነበር። ዝቅ ተደርጎ ሲሰማ ችግር ያልታየውም ቮልቴጁ ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ጭነቱ ያው 1 ኦም ነበር።

4. አራተኛው በሦስተኛው ተስማምቶ መፍትሔውን በአንድ መስመር ጨረሰው፦ ወደ 2 ኦም ቀይሮ ይገጥመው።

5. አምስተኛው እዚህ ላይ አቆመው፤ እኔም የክሩ ዋጋ የሚጀምረው ከዚህ ነው እላለሁ። በሁለት ባለ ሁለት ኮይል 4 ኦም ሰብውፈሮች አራቱንም ኮይል እኩል እያሠሩ 2 ኦም ማግኘት አይቻልም። ሁሉም በትይዩ ከሆኑ 1 ኦም ነው። የእያንዳንዱ ሰብውፈር ሁለት ኮይሎች በተከታታይ (የአንዱ ኔጌቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ) ተያይዘው 8 ኦም ከሆኑ በኋላ ሁለቱ ሰብውፈሮች በትይዩ ቢገናኙ 4 ኦም ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ኮይሎቹን በትይዩ፣ ሰብውፈሮቹን በተከታታይ ቢያደርግም ያው 4 ይመጣል። ሁሉም በተከታታይ ከሆኑ 16። ያሉት አማራጮች እነዚህ ብቻ ናቸው። 2 ኦም የሚፈልግ ሰው ከመነሻው ኮይላቸው 2 ኦም የሆኑ ሁለት ሰብውፈሮች መግዛት ነበረበት፤ በየራሳቸው በተከታታይ 4፣ ከዚያ በትይዩ 2 ይሆናሉ። ወይም አንዱን ሰብውፈር አውጥቶ በቀረው ላይ ሁለቱን ኮይል በትይዩ ማሠር ነው።

ብዙ ሰው ሰብውፈር የሚገዛው በኢንቹ ነው፤ ኦሙን የሚያየው ሳጥኑ ከተዘጋ በኋላ ነው። ሻጩም አይጠይቅም።

6. ስድስተኛው መላ አመጣ፦ ከእያንዳንዱ ሰብውፈር አንድ አንድ ኮይል ብቻ ይገናኝ፣ ሌላው ባዶውን ይቀመጥ፤ ሁለት 4 ኦም በትይዩ 2 ይሆናል።

7. ለዚህ መልስ የሰጡት በመድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ የሚላቸው፣ ዕድሜያቸውን በመኪና ኤሌክትሪክ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ሒሳቡ ልክ መሆኑን አልካዱም። ነገር ግን ሥራው ሁሉ በግማሹ ኮይል ላይ ስለሚወድቅ ሰብውፈሩ የሚችለው ዋት በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚገፋው ኃይልም ስለሚዳከም ባሱ የላላና የሚንዘፈዘፍ ይሆናል። ያንን ባዶ ኮይል ጫፎቹን እርስ በርስ አገናኝቶ መዝጋት ደግሞ የባሰ ነው፤ ኮኑን (የሚንቀሳቀሰውን የስፒከሩን ፊት) እንደ ፍሬን ይይዘዋል። ጋሼ ምክራቸውን የቋጩት ወደ 4 ኦም እንዲሄድ በማሳሰብ ነው።

8. ስምንተኛው ወጣት ይመስላል፤ ቁጣውም ከጽሑፉ ይተናል። ግማሽ ኮይል አገናኝቶ ባጃጁ ላይ ሲሠራበት መኖሩን፣ አንድም ነገር አለመቃጠሉን ጽፎ ጋሼን በአንተ እየጠራ ዘመኑ ያለፈበት ትምህርት ይዘህ ወጣቱን አታስፈራራ የሚል መልእክት ላከባቸው።

9. ዘጠነኛው ስለ ኦም ምንም አልጻፈም። ወጣቱን አባቱን በአንተ ይጠራ እንደሆነ ጠይቆ፣ ክርክር ሌላ ብልግና ሌላ መሆኑን አሳስቦ ሄደ። ከእሱ በኋላ የመጡ ጥቂት አጫጭር መልሶችም ያንኑ ደገሙ፤ ቁጥር ስላልተሰጣቸው እዚህ አልቆጠርኳቸውም።

10. ጋሼ ራሳቸው አልተቆጡም። የባጃጁ አምፕሊፋየር ስንት ዋት እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። ወጣቱ፣ በዚህ ጊዜ በእርስዎ፣ 100 ዋት ገደማ መሆኑን መለሰ። እንግዲያው ነገሩ ግልጽ ነው፤ በ100 ዋት ያልተቃጠለ ግማሽ ኮይል በ500 ዋት ላይ ምስክር ሊሆን አይችልም።

11. አንድ ሰው ኦሙን ለመጨመር ሬዚስተር በተከታታይ እንዲገባ አሳሰበ። ዋቱ ሬዚስተሩን ሲያሞቅ ይውላል፤ ሌላ ጥቅም የለውም። ማንም አልተከተለውም።

12. ጠያቂው በዚህ መሀል ተመልሶ ሐዘኑን ገለጸ፦ 4 ኦም ላይ 300 ዋት ብቻ ከሆነ የሰርጉ ባስ በግማሽ ሊቀንስበት ነው። 12ኛው መልስ ለዚህ የተሰጠ ነው፤ ከክሩ አንድ መልስ ብቻ አንብብ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ከ500 ወደ 300 ዋት መውረድ በድምፅ ሲለካ 2.2 ዴሲቤል ነው። ጆሮ ድምፁ በግማሽ ቀነሰ ብሎ የሚቀበለው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲወርድ ነው፤ ለዚያም ዋቱ ወደ አንድ አሥረኛ መውረድ አለበት። 2 ዴሲቤል ጎን ለጎን እየቀያየሩ ካላዳመጡት በስተቀር የሚያስጨንቅ ልዩነት አይደለም። በተጨማሪም በ1 ኦም ላይ 500 ዋቱን መቼ አገኘው? አምፕሊፋየሩ በየመሀሉ እየጠፋ ነበር። በደንብ ያልታሸገ የሰብውፈር ሳጥን ከዚህ የበለጠ ባስ ያባክናል።

እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። በአዳማ ጋራዦች ተቃጥሎ የሚመጣው አምፕሊፋየር አብዛኛው የሚሞተው ለዚች 2 እና 3 ዴሲቤል ሲባል ነው። ባለቤቱ ኦሙን ዝቅ ያደርጋል፣ ዋቱ በወረቀት ላይ ያድጋል፣ ጆሮው ልዩነቱን አይሰማም፣ ትራንዚስተሩ ግን ይሰማዋል።

13. ቀጣዩ ሰው ተጠራጣሪ ነው። የጎረቤቱ አምፕሊፋየር ላይ 3000 ዋት ተጽፎ እያለ ስለ 300 መጨነቅ አሳቀው። የተመለሰለት ትምህርት ያለበት ነው፦ ጽሑፉን ትቶ ፊውዙን ይቁጠር። ሁለት ባለ 25 አምፔር ፊውዝ ካለው በድምሩ 50 አምፔር ነው፤ በ13.8 ቮልት ሲባዛ 690 ዋት ከባትሪው ይወስዳል። ክላስ ዲ ከዚህ 80 በመቶ ያህሉን ወደ ስፒከር ያደርሳል፣ ይህም 550 ገደማ ነው። ክላስ ኤቢ የሚባለው ሌላው ዓይነት ከሆነ ግማሹን አካባቢ ብቻ ያደርሳል። ቀሪው ሙቀት ነው። የጎረቤቱ ባለ 3000 ዋት አንድ ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ብቻ ተገኘበት፤ ሒሳቡን ለራሱ ተዉት። በካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ለቅጽበት የሚታሰብ ጫፍ ነው፤ የሚፈለገው አርኤምኤስ (ሳያቋርጥ የሚሰጠው ዋት) ተብሎ በመመሪያው ውስጥ በትንሹ የተጻፈው ቁጥር ነው።

14. ባለ አራት ቻናል አምፕሊፋየር ያለው ሰው ገባ። ዕቃው እስከ 2 ኦም ይችላል ስለተባለ ሁለት ቻናሎችን ድልድይ አድርጎ (አጣምሮ እንደ አንድ እያሠራ) አንድ 2 ኦም ሰብውፈር አገናኝቶበታል። ሦስተኛው ተመልሶ አረመው፦ በድልድይ ጊዜ እያንዳንዱ ቻናል የሚያየው የጭነቱን ግማሽ ነው። 2 ኦም ላይ ድልድይ ማድረግ እያንዳንዱን ቻናል 1 ኦም ላይ መጫን ነው። እስከ 2 ኦም የሚችል አምፕሊፋየር በድልድይ ከ4 ኦም መውረድ የለበትም። ሰውዬው አመስግኖ መኪናውን ሊፈታ ሄደ።

15. እዚህ ላይ ክሩ ሞቀ። አንድ ሾፌር ፊውዙ እየተቃጠለ ስላስቸገረው በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መመለሱንና ከዚያ በኋላ ሰላም ማግኘቱን እንደ ብልሃት አቀረበ። የወረደበትን ስድብ አልደግመውም። ከስድቡ ሥር ያለው ቁም ነገር ግን መደገም አለበት፦ ባትሪው አጠገብ ያለው ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ ሲገባ በቆርቆሮ ቀዳዳ ያልፋል፤ ጎማ ካልተደረገለት ንዝረቱ ፕላስቲኩን ይበላዋል። መዳቡ ሻሲውን የነካ ዕለት ባትሪው ያለውን ሁሉ በዚያች ነጥብ ላይ ያፈስሳል። ፊውዙ ከባትሪው በ45 ሴንቲሜትር ርቀት ውስጥ መቀመጥ ያለበትም ለዚህ ነው፤ ከፊውዙ በፊት ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም። አንድ ሌላ ሾፌር የእሱ ሃይሉክስ በዚሁ ምክንያት ምንጣፉ ሲጨስ በውኃ ጆግ አጥፍቶ እንደተረፈ መሰከረ። ባለ ሲጋራ ወረቀቱ ከዚያ ወዲህ አልጻፈም።

16. ሁለተኛው ሰው ቁጥሩን ይዞ መጣ። ከ14.1 ወደ 12.4 መውረድ ሽቦው ቀጭን ወይም ማሳው (ከመኪናው ቆርቆሮ ጋር የሚታሰረው ኔጌቲቭ ሽቦ) ደካማ ነው ማለት ነው። ባሱ እየመታ በባትሪው ጫፎች ላይም እንዲለካ አዘዘው፤ እዚያ 13.6 ተነበበ። ስለዚህ 1.2 ቮልቱ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ጠያቂው ሽቦውን በምላጭ ሲልጠው ላዩ ቀይ፣ ውስጡ ነጭ ሆኖ ተገኘ፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። እንዲህ ያለው ሽቦ በእኩል ውፍረት ንጹሕ መዳብ ከሚያሳልፈው ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢያሳልፍ ነው። ባለ 4 ጌጅ ንጹሕ መዳብ፣ ማለትም ወደ 21 ስኩዌር ሚሊሜትር የሚጠጋ፣ እንዲገዛ ተመከረ። ማሳውን ደግሞ ጋሼ ወሰዱት፦ ሽቦው አጭርና እንደ ፖዘቲቩ ወፍራም ይሁን፤ የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ቆርቆሮው ይብረቅ፤ የወንበር ብሎን ላይ ባይታሰር ይሻላል፣ ቀለምና ዝገት አለበት። አምፕሊፋየሩ ምንጣፍ ሥር መቀበሩንም ነቀፉ። የአዳማ ፀሐይ የቆመች መኪና ውስጥ በሚሠራው ሙቀት ላይ ምንጣፍ ሲጨመር ከየት አየር ያገኛል?

17. የካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ለአፍታ የሚሰጥ ዕቃ) ጥያቄ ሳይመጣ አልቀረም። መብራቱ ከባሱ ጋር ብልጭ ድርግም የሚልበት ሰው ባለ 1 ፋራድ ሊገዛ ነው። ሒሳቡ ጨካኝ ነው፦ 1 ፋራድ በ14.4 ቮልት ተሞልቶ የሚይዘው 104 ጁል ያህል ነው፤ 1000 ዋት የሚጠይቅ አምፕሊፋየር ይህን ሁሉ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ይጨርሰዋል። ዲናሞው ካነሰ ካፓሲተር ዲናሞ አይሆንም። መጀመሪያ ሽቦና ማሳ፣ ቀጥሎ ባትሪ፣ ከዚያ ዲናሞ። ገንዘቡ ለካፓሲተር የሚተርፈው ከእነዚህ በኋላ ነው።

18. ከዚህ በኋላ ነገሩ ተበተነ። አንድ የአይሱዙ ሾፌር ከሞጆ ወደ አዳማ ሲመላለስ ባስ አማረው፤ መኪናው ባለ 24 ቮልት ነው። ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ 12 ቮልት ጠልፎ ሊወስድ አስቧል። ጋሼ ከለከሉ፦ የተጠለፈው ባትሪ ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ሌላው ከልኩ በላይ ይሞላል፣ በመጨረሻ ሁለቱም ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ፣ ለአምፕሊፋየሩ የሚበቃ አምፔር ያለው መቀየሪያ ያስፈልጋል።

19. አንዲት እናት፣ በአነጋገራቸው እናት መሆናቸውን ገምቻለሁ፣ ስለ ኦም ሳይሆን ስለ እንቅልፍ ጻፉ። ፍራንኮ አካባቢ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የሚያልፉ መኪኖች መስኮቱን ያንቀጠቅጡታል፤ ልጅ ይነቃል፤ ይህን ሁሉ ሒሳብ የምትችሉ ልጆቼ ድምፅ መቀነሻው የት እንዳለ ታውቁ ይሆን የሚል ነበር ጥያቄያቸው። አንዱ ሊቀልድ ሞከረ፤ ሌላው አፈረበት። አንድ የጤና ባለሙያ ግን ተቀበላቸው፦ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም መመዘኛ 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት ይፈቅዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። መስኮት ተዘግቶ ከሰብውፈሩ ፊት የሚቀመጥ ሰው ከጎረቤቱ ይልቅ ለራሱ ይፍራ። ጠያቂው እናትን እማማ ብሎ ይቅርታ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም መርቀውት ሰርጉ በሰላም እንዲያልቅ ተመኙለት።

20. ጠያቂው ሥራውን ጨርሶ ተመለሰ። ሽቦውን ሳይነካ በፊት በቴስተር ለካ። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች አነካክቶ 0.2 አየ፤ ይህ የቴስተሩ ሽቦ የራሱ ነው፣ ከሁሉም ንባብ ይቀነሳል። አሮጌው አገጣጠም 1.1 አሳየ፣ 0.9 ማለት ነው። አዲሱ፣ ጋሼ የመከሩት የ4 ኦሙ፣ 3.8 አሳየ፣ 3.6 ማለት ነው። 4 ያልሞላው ለምን እንደሆነ ተጨነቀ። አምስተኛው አረጋጋው፦ ቴስተር የሚለካው የሽቦውን ኦም በዲሲ፣ ማለትም እንደ ባትሪ ባለ ከረንት፣ ብቻ ነው፤ 4 ኦም የተባለ ኮይል ከ3.2 እስከ 3.8 ማንበቡ የተለመደ ነው። 0.9 ያነበበው ግን አምፕሊፋየሩ ከመከፈቱ በፊት ሊያስደነግጥ ይገባ ነበር። ይህ መለኪያ ሁለት ደቂቃ አይወስድም።

ነገር ግን አዲስ ችግር መጣ፦ ኦሙ ልክ ሆኖ ባስ የለም። ሰብውፈሮቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ድምፁ ግን ባዶ ነው።

21. ጋሼ ሳያዩት አወቁት፤ አንዱ ሰብውፈር ተገልብጧል። ለሰዓት የሚሆን ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ይዞ ሽቦዎቹን በየተራ ለአፍታ እንዲያስነካ ነገሩት። ፖዘቲቩ በፖዘቲቭ ሲነካ ኮኑ ወደ ውጭ ብቅ ማለት አለበት። የግራው ብቅ አለ፣ የቀኙ ወደ ውስጥ ገባ። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ አየሩ ተጠፋፍቶ ይቀራል። ይኸው ስህተት በአንድ ሰብውፈር ሁለት ኮይሎች መካከል ቢሆን ኖሮ ኮኑ ጭራሽ አይንቀሳቀስም፣ ኮይሉ ግን ይሞቃል፤ ጋሼ የበለጠ የሚፈሩት ያንን ነው።

22. ሦስተኛው የጌን ቁልፉን አስተካከለለት። ጌን የድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ ከቴፑ የሚመጣውን ምልክት ከአምፕሊፋየሩ ጋር ማስማሚያ ነው። ሰብውፈሮቹ ይነቀሉ፤ የቴፑ ባስ መጨመሪያ ዜሮ ይሁን፤ ድምፁ ሦስት አራተኛ ላይ ይቁም፤ 50 ኸርዝ የሆነ የመፈተሻ ድምፅ ይከፈት። ቴስተሩ ኤሲ ቮልት ላይ ሆኖ ጌኑ ቀስ እያለ ይከፈታል። ለ300 ዋት በ4 ኦም፣ 300 በ4 ሲባዛ 1200፣ ስኩዌር ሩቱ 34.6 ቮልት። እዚያ ይቆማል። ከዚያ በላይ ቢከፈት ሞገዱ ጫፉ ይቆረጣል፤ የተቆረጠ ሞገድ ኮይል ያቃጥላል። ጠያቂው የጌን ቁልፉ ከግማሽ በታች ላይ ስለቆመ አዘነ፤ ሦስተኛው እንዳይነካው አስጠነቀቀው።

23. ሶደሬ ደርሶ ተመለሰ። ቀዩ መብራት አልበራም፣ አምፕሊፋየሩ እጅ ያስነካል፤ ወንድሙ ባሱ እንደጨመረ እንጂ እንደቀነሰ አልተሰማውም። ስምንተኛው ወጣት እንኳን ደስ ያለህ አለው፤ ከዚያም ጋሼን በትሕትና አንድ ነገር ጠየቃቸው። አሁን ሦስት ባለ ሁለት ኮይል 4 ኦም ሰብውፈሮች አግኝቷል፣ እሱም 2 ኦም የሚችል አምፕሊፋየር አለው። ጋሼ መለሱ፦ በየራሳቸው በተከታታይ 8፣ ሦስቱ በትይዩ 2.67 ኦም፤ ይቻላል። ባጃጅ ላይ ግን አይሆንም፣ ዲናሞው አይችለውም። ወጣቱ ባጃጁን ሊሸጥ ማሰቡን ጻፈ፣ ዋጋውንም ጨመረበት፤ ክሩም ወደ ገበያ ተቀየረና አስተዳዳሪው ዘጋው።